የፓኩ አያት ቀንድ አውጣ

ስልኩ ከዳቦ መጥበሻው አጠገብ ሆኖ እንደ ተያዘ ዝንብ ይንዘረዘር ነበር። ብሩኬ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ የአክስቱ ልጅ ሐሴት አንሥታ እያነበበችው ነው። በአንድ እጇ ቅቤ የተቀባ ዳቦ፣ በሌላው የእሱን ስልክ ይዛ፣ ሳቋን በዳቦው እያፈነች፣

«ብሩኬ፣ ዲድ ዩ ሃይጃክ ኧ ስኔይል?» አለችው።

«ምን?»

«ስኔይል። ያቺ... ቤቷን አዝላ የምትሄደው።»

«ቀንድ አውጣ?»

«አዎ፣ እሷን። የሰው ግራንድማ ቀንድ አውጣ ሃይጃክ አድርገሃል ይላሉ።»

ብሩኬ ሃይጃክ የሚለውን ቃል አያውቀውም። ካናዳ ከገባ ዓመት ከሰባት ወሩ ነው፤ የያዘው እንግሊዝኛ የልብስ መጠገኛ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ ዚፐር፣ ሄም፣ ቱ ታይት፣ ፍራይደይ ሬዲ። ከዚያ ያለፈውን ለስልኩ ተርጓሚ ነው የሚሰጠው። «ምን ማለት ነው?» አላት።

ሐሴት ዳቦዋን እያላመጠች አሰበች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ እናቷ ሲቆጡ የሚናገሩትን ያህል ነው። «መስረቅ ነው» አለች በመጨረሻ። «ግን በጉልበት።»

በሩ ጋ ጎንበስ ብለው የሥራ ጫማቸውን የሚያስሩት እትዬ ኤልፍነሽ ቀና አሉ። የሐሴት እናት፣ የብሩኬ የአባቱ እህት ናቸው፤ ስፖንሰር አድርገው ያመጡትም እሳቸው ናቸው። «መስረቅ» የምትለዋን ቃል ሰምተዋል። ብሩኬን አዩት፣ ስልኩን አዩት፣ ከዚያ እንደገና ጎንበስ ብለው ሁለተኛውን ጫማ አሰሩ። አንድ ነገር ቢናገሩ ይሻለው ነበር። እትዬ ኤልፍነሽ ግን ከባድ ነገር ሲገጥማቸው ዝም የሚሉ ሰው ናቸው፤ ዝምታቸው ደግሞ በዚያች ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ እንደ አንድ ተጨማሪ ሰው ቦታ ይይዛል። በሌላው ቀን «በል ጌታ ካንተ ጋር ይሁን» ሳይሉት አይወጡም። ዛሬ ቦርሳቸውን አንሥተው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

«የቀረውን አንብቢልኝ» አላት ሐሴትን።

«አይ ሃቭ ኧ ሚድተርም፣ ብሩኬ።»

«ትንሽ ብቻ።»

ሐሴት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያንጠለጠለች በችኮላ አነበበችለት። ቶሚ የሚባል ሰው «ይህስ ጨዋ ሌባ ነው፤ ከወሰደ በኋላ አመሰግናለሁ ብሏል» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ሰባ ሰው የተናደደ ፊት አስቀምጧል። «ፓኩ የምትባለው ግን ናይስ ናት» አለች ሐሴት። «እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ንገሪኝ ትልሃለች። ኤክስፕሌን አድርጊ። ካልሆነ የቅዳሜውን ጠረጴዛ ለሌላ ሰው ትሰጣለች።»

«ንገረኝ ነው የሚባለው» አላት ብሩኬ።

«ዋትኤቨር። ንገረኝ» ብላ ወጣች።

ብሩኬ የሚተኛበትን ሶፋ አጣጥፎ፣ ብርድ ልብሱን ከጀርባው ወትፎ ተቀመጠ። ከአሥራ አንደኛው ፎቅ በታች ወደ አየር ማረፊያ የሚሄደው ባቡር ዌስተን ጣቢያ ቆሞ ተነሣ። ሶፋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ በውስጡ ክሮቹ፣ መርፌዎቹና በንጹሕ የትራስ ልብስ የተጠቀለለ አንድ ጨርቅ አለ። ቅዳሜ ብሉር ጎዳና ላይ በአንድ አዳራሽ በሚደረገው የእጅ ሥራ ትርዒት ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው ያ ጨርቅ ነበር። ጠረጴዛው የፓኩ ነው፤ ግማሹን ሰጥታዋለች። ከፊት ለፊቱ ስሙ በወረቀት ተጽፎ ይቆማል ብላዋለች። ብሩኬ ሽሮ ሜዳ ስድስት ዓመት በመኪና ጥልፍ ሠርቷል፤ በእሱ እጅ ያለፈው ቀሚስ ቢደረደር ከሽሮ ሜዳ ስድስት ኪሎ ይደርሳል። ከነዚያ ሁሉ አንዱም ላይ የእሱ ስም አልነበረም፤ ሰውም የማን እጅ ነው ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ፓኩ ቫንግ የህሞንግ ሴት ናት። ህሞንግ የሚባል ሕዝብ መኖሩን፣ ከላኦስ ተራሮች ጦርነት አሳድዷቸው በየአገሩ መበተናቸውን ብሩኬ የሰማው ከእሷ ነው። ባለፈው ኅዳር የበዓል ጃኬቷ ክንዱ ላይ ተቀድዶባት ብሩኬ ወደሚሠራበት ሱቅ ይዛው መጣች። ጃኬቱ ከትከሻ እስከ እጅጌ በእጅ የተሠራ አበባና ጥምዝምዝ ነበር። ብሩኬ ክር ከራሱ ከጨርቁ ጫፍ እየመዘዘ፣ የተቀደደውን እንዳይታይ አድርጎ መለሰላት። ልትወስድ በመጣች ጊዜ ቀዳዳው የት እንደነበር ፈልጋ አጣችው። ገልብጣ ጀርባውን አየች። ከዚያ በደረሰኙ ጀርባ ላይ የአንድ የኢንተርኔት ቡድን ስም ጻፈችለት። ትርጉሙ «የአበባ ጨርቅ» ነው፤ እነሱ በቋንቋቸው የዚህን ዓይነት ሥራ እንዲያ ነው የሚሉት።

ቡድኑ ውስጥ ከሦስት ሺህ የሚበልጥ ሰው አለ፤ ሚኒሶታ የምትኖር አስተማሪ፣ ፈረንሳይ ያለ አትክልተኛ፣ አውስትራሊያ ሆና ጡረታዋን የምትጠብቅ ነርስ። ሁሉም ህሞንግ ናቸው፤ ከብሩኬ በቀር። ሥራቸውን ያሳያሉ፣ ይመካከራሉ። ቀይ ክር ነጭ ጨርቅ ላይ ከመግባቱ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ቀለም መልቀቁን እዩ። ፎቶ ስታነሡ መብራቱን አጥፉና መስኮት አጠገብ ቁሙ። አውራ ጣታችሁን ካመማችሁ መርፌው ቀጥኖባችኋል። ለዘመድ ነው ብላችሁ በነጻ አትስጡ፣ ደጋግሞ የሚመጣው ዘመድ ነው። ብሩኬ ይህን ሁሉ በስልኩ ተርጓሚ ያነበዋል። ተርጓሚው ሲንተባተብ እንኳ ይገባው ነበር፤ ሥራው ሥራው ነውና። የስፌት መኪና ስላልነበረው፣ በእጅ መሥራትን ከእነሱ ተማረ። በጥር ወር ፓኩ ከአያቷ የወረሰችውን የቀንድ አውጣ ንድፍ አስተማረች። መካከሉ ላይ ያለችው ነጥብ አያት ቅድመ አያት ነው፤ ዙሪያውን እየሰፋ የሚሄደው መስመር ልጅና የልጅ ልጅ ነው። «ተማሩት» አለች ፓኩ፣ «ግን ከማን እንዳገኛችሁት ተናገሩ።»

ብሩኬ ተማረው። ነጭ የነጠላ ጨርቅ ላይ በቀይና በጥቁር ሰማያዊ ክር ቀንድ አውጣውን አዙሮ፣ ዳር ዳሩን የሽሮ ሜዳ ጥበብ አለበሰው። ሃያ ሁለት ቀን ፈጀበት። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ፎቶውን ለቡድኑ ለጠፈና፣ እንደታዘዘው ከማን እንዳገኘው ተናገረ፤ አመሰገነም። ለራሱ እስኪገርመው ድረስ ሦስት ጊዜ አንብቦ፣ ፊደል አርሞ ነው የላከው። የቡድኑ ደንብ ከፊትም ከጀርባም ፎቶ ይላክ ይላል፤ ብሩኬ የፊቱን ብቻ ነው የላከው። ሽሮ ሜዳ የጥልፍ ጀርባ በገበር ይሸፈናል፤ ጀርባውን ለሰው ማሳየት ነውር ነው። አሁን ሲያስበው ነገሩ ከዚያ የመጣ መሰለው። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ የልብስ ኩባንያ የእነሱን ንድፍ በልጆች የሌሊት ልብስ ላይ አትሞ ሲሸጥ ተገኝቶ፣ ቡድኑ ውስጥ ለቅሶ ነበር የሆነው። ጀርባ ከሌለው ምናልባት በማሽን የታተመ መስሏቸው ይሆናል። ግን ፓኩ ራሷ ተማሩት ብላ ስታበቃ፣ ሌባ ያስባለው ምንድን ነው?

አውቶቡሱ ውስጥም፣ ከአውቶቡስ ወርዶ የገባበት ባቡር ውስጥም የሚያስበው ስለ ሰዓቱ ነበር። እስከ አምስት ሰዓት። ሱቁ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ሱቁ ብሉር ላይ በፀጉር ቤትና በእንጀራ መሸጫ መካከል የተሰካ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሁለት የልብስ ስፌት መኪና፣ አንድ የእንፋሎት ካውያ፣ መጋረጃዋ ወለል የማይነካ አንድ የመለኪያ ቦታ። ግድግዳው ላይ ዋጋ ተለጥፏል፤ ሱሪ ማሳጠር አሥራ ስምንት፣ ዚፐር መቀየር ሃያ አምስት፣ የሙሽራ ልብስ «ተነጋግረን»። የሱቁ ባለቤት ጋሼ ሰብስቤ ወደ ኖርዝ ዮርክ ዚፐርና ገበር ሊገዙ ሄደው እስከ ስድስት ሰዓት አይመለሱም። እሳቸው ቢኖሩ ይጠይቃቸው ነበር። ወይም እሳቸው ቢኖሩም አይጠይቃቸው ይሆናል። ብሩኬ ሰው ከማስቸገር አራት ሱሪ በነጻ ማሳጠር የሚቀለው ሰው ነው።

የአንድ ጠበቃ ሱሪ አሳጠረ፤ የአንዲት አሮጊት ካፖርት ቁልፍ ተከለ። አምስት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው የመኪናውን መብራት አጥፍቶ፣ በስልኩ ላይ በአማርኛ ጻፈ። አጭር፣ ጥርት ያለ፣ ማንም ሊያጣምመው የማይችል ነገር፤ «እኔ አልሰረቅሁም። ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ በገዛ እጄ ነው የጠለፍኩት። ፈቃዳችሁ ከሆነ ሌላም መጥለፍ እፈልጋለሁ።» ስልኩ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠው። ብሩኬ እንግሊዝኛውን አየው፤ ፊደሎቹ ረጋ ያሉና የተከበሩ መሰሉት። ላከው።

መልሱ እንደ በረዶ ወረደ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀሳቀሰ ወደ መቀሱ ሄደ። ሳቅ የሚያሳዩ ፊቶች፣ ቁጣ የሚያሳዩ ፊቶች፣ ቶሚ በትልልቅ ፊደል የጻፈው አንድ መስመር። ብሩኬ አንዱን እንኳ ሳይተረጉም ሌላ ሊጽፍ ሲነካ፣ መጻፊያው ቦታ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ቡድኑ ውስጥ እንዳይጽፍ ተዘግቶበታል።

ጋሼ ሰብስቤ በትከሻቸው የገበር ጥቅል ተሸክመው ሲገቡ፣ ብሩኬ ያላበራውን መኪና ፔዳል ረግጦ ተቀምጦ ነበር።

«ምነው? ሰው ሞተ?» አሉት።

ስልኩን ሰጣቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። አነበቡ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተነቃነቀ፣ ከዚያ ገበሩ ወደቀ፣ ከዚያ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ማነው የጻፈልህ?»

«ራሴ ነኝ። በስልኩ።»

«ስልኩ ምን እንዳለልህ ታውቃለህ? ስማ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «‹እኔ አልሰረቅሁም። ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ በገዛ እጄ ነው ያገትኩት። ፈቃዳችሁ ከሆነ ሌላም ማገት እፈልጋለሁ።› ጌታዬ፣ አንተን እኔ ልብስ ሰፊ ብዬ ነው የቀጠርኩህ፤ ሽፍታ ነህ ለካ!»

«ጠለፍኩ ነው ያልኩት፣ ጋሼ።»

«የመጀመሪያውንስ?» ወደ ላይ ገፋ ገፋ አደረጉት። «አለልህ። ‹ፓኩ፣ የአያትሽን ቀንድ አውጣ አግቼዋለሁ። ከልብ አመሰግናለሁ።›» እንባቸውን ጠረጉ። «ከልብ! ከልብ ስታመሰግናት እኮ ነው የባሰው።»

«ጠለፍኩት ነው እኮ ያልኩት» አለ ብሩኬ እንደገና፤ ድምፁ ቀጠነ።

ጋሼ ሰብስቤ ሳቃቸውን ተዉት። «አውቃለሁ ልጄ። አውሮፕላንም ይጠለፋል፣ ስልክም ይጠለፋል፣ ሴት ልጅም ትጠለፋለች፣ ነጠላም ይጠለፋል። ይሄ ማሽን ሲማር ያነበበው ዜና ነው። ከአራቱ ያንተን ነጠላ ከየት ያመጣዋል?»

ብሩኬ ቃሉን ለብቻው በአፉ ውስጥ አዞረው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ የሚለው ቃል ነው። ይህን ሁሉ ተሸክሞ እንደሚዞር አስቦ አያውቅም።

«ለነገሩ አለፈ» አለ። «አምስት ሰዓት ሞልቷል።»

«የምን አምስት ሰዓት?»

«እስከ አምስት ሰዓት ነው ያለችኝ። ሐሴት አንብባልኝ።»

«ሐሴት እዚህ የተወለደች ልጅ! አምስት ሰዓት ስትልህ ፋይቭ ኦክሎክ ነው። የኛ አሥራ አንድ።» ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በሜትራቸው ጠቆሙት። «ገና አምስት ሰዓት ሙሉ አለህ፣ አንተ ሞኝ። ቁጥሯ አለህ? ደውልላት።»

ቁጥሯ የጃኬቱ ደረሰኝ ላይ ነበር። ጋሼ ሰብስቤ ራሳቸው ደወሉ። ፓኩ ኪችነር ከተማ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ በሥራ ሰዓት ስልክ አታነሣም፤ ከአሥር ተኩል በኋላ ደውሉ የሚል ድምፅ መለሰላቸው።

«አሥር ተኩል ላይ እርስዎ ይደውሉልኝ?» አለ ብሩኬ ወደ መሬት እያየ።

«በአሥር ሰዓት ያቺ ሙሽራ ትመጣለች፣ ሦስት ሚዜና አንዲት እናት አስከትላ። ከነሱ ጋር ስልክ ላነጋግር?» ገበራቸውን አነሡ። «አክስትህ አሉ አይደል? ከኔ የተሻለ እንግሊዝኛ ነው ያላቸው። የፈረንጅ ሽማግሌ ሲያስታርቁ አይደል የሚውሉት! በጊዜ ውጣና እሳቸውን ያዝ።»

ብሩኬ እሺ አለ። ያልነገራቸው ነገር ግን አለ። እትዬ ኤልፍነሽ ጥልፍ የሚለውን ቃል አይወዱትም። የመጣ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ሰው ሥራህ ምን ነበር ሲለው፣ ጠላፊ ነኝ ብሎ መለሰ፤ ሽሮ ሜዳ እንደዚያ ነው የሚባለው። እትዬ ኤልፍነሽ ሻያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራው ሲያነሡ «ስፌትህ» ነው የሚሉት። ስፌትህን ከሶፋው ላይ አንሣ። ስፌትህ ዓይንህን እንዳይጎዳው። ወንድ ልጅ መርፌ መያዙ ደስ ስላላላቸው ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ ጠይቆ ግን አያውቅም። እዚያ ቤት የማይጠየቁ ነገሮች ብዙ ናቸው።

በዘጠኝ ሰዓት ወጣ። ቤት ሲደርስ ማንም የለም። ጨርቁን ከቆርቆሮው አውጥቶ አየው፤ መልሶ ጠቀለለው። ምን ብሎ እንደሚጀምር ሦስት ዓይነት አድርጎ በልቡ ጻፈ። አሥር ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ቁልፍ በሩ ላይ ተንቃጨለ። እትዬ ኤልፍነሽ ሁለት ከረጢት ይዘው ገቡ። አንዱን ተቀበላቸው። ሙዝ ነው፤ ፓውንዱ ስድሳ ዘጠኝ ሳንቲም የሆነ ቀን በብዛት ይገዛሉ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ የኩሽናው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የሚሠሩበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሳሙና ሽታ አብሯቸው ገብቷል።

«የማን ነው?» አሉት።

«ምኑ፣ አክስቴ?»

«የወሰድከው።»

ሦስቱም አጀማመር ጠፋበት። «የወሰድኩት የለም» አለ። «እኔ ሠራሁ ነው ያልኩት። ስልኩ ሰረቅሁ አድርጎ አወራብኝ። ቃሉ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልነገርኳት ቅዳሜ አልገባም። እኔ ደግሞ በአፌ አልችልም።»

«የቱ ቃል?»

ባቡሩ ከታች መጥቶ ቆመ፤ ተነሣ።

«ተናገረው እንጂ። ሰዓቱ እየሄደ አይደል?»

«ጠለፍኩት» አለ። «የአያትሽን ቀንድ አውጣ ጠለፍኩት ብዬ ጻፍኩላት።»

እትዬ ኤልፍነሽ ከረጢቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ሙዞቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመሩ። እየተናገሩ መሆናቸው ለብሩኬ የገባው ትንሽ ቆይቶ ነው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ዓይነት ነበር።

«አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። አሥራ አምስት ዓመቴ። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ድልድዩ ጋ። አራት ነበሩ። ደብተሬ እዚያው ጭቃው ላይ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች አባቴ ዘንድ ሄዱ። ምን እንዳሉት ታውቃለህ? ‹ልጁ ጠልፏታል፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል› አሉት። በዚህች በአንዲት ቃል አለቀ። ሌላ አልጠየቁም፤ እኔንም ማንም አልጠየቀኝ።» የመጨረሻውን ሙዝ አስቀመጡ። «ዓመት ከአምስት ወር። ከዚያ አባትህ መጣ። ታናሼ ነው፤ ገና ልጅ ነበር። በቅሎ ተውሶ መጥቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም እያየ ወሰደኝ። አንድም ሰው አላስቆመውም።»

ብሩኬ አባቱ ይህን ነግሮት አያውቅም። የሙዙን ከረጢት አጣጠፈው፣ ካጣጠፈው በኋላ ደግሞ እንደገና አጣጠፈው።

«ሰዎቹ ቢቆጡ አልፈርድባቸውም» አሉ እትዬ ኤልፍነሽ። «ጠለፍኩ ብለህ አመሰግናለሁ ስትላቸው! ቁጥሩን አምጣው።»

አሥር ሰዓት ከአርባ አራት ሆኗል። ስልኩን በሁለት እጃቸው ከፊታቸው ይዘው ቆሙ። «ሄሎ። ማይ ኔም ኢዝ ኤልፍነሽ። አይ አም ኦንት ኦፍ ብሩኬ።» እንግሊዝኛቸው መጦሪያ ቤት የተሠራ እንግሊዝኛ ነው፤ አጭር፣ ጮክ ያለ፣ ጆሮው ለደከመ ሰው የሚያዝን። ብሩኬ መስኮቱ አጠገብ ሆኖ ከሚያልፉት ቃላት የሚያውቃቸውን ይለቅማል። ዋን ወርድ። ቱ ሚኒንግ። ሶው፣ ሶው፣ ዊዝ ኒድል። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። ገርል። ስኩል። ፊፍቲን። በመጨረሻም ሚ አሉ። ይህን ለመረዳት ተርጓሚ አላስፈለገውም።

ከዚያ የፓኩ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ፤ ብዙ ተናገረች። እትዬ ኤልፍነሽ «የስ» ይላሉ፣ «አይ ኖው» ይላሉ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ «እህህ» አሉ። ስልኩን ሲዘጉ መስታወቱን በካፖርታቸው እጅጌ ጠርገው መለሱለት።

«በእነሱም አገር አለ አለችኝ» አሉ። «የቀንድ አውጣዋ ባለቤት፣ አያቷ፣ እንደዚያ ነው የተዳረችው። ከወንዝ ስትመለስ።» ካፖርታቸውን አወለቁ። ካወለቁት በኋላ የት እንደሚሰቅሉት የጠፋቸው ይመስል ይዘውት ቆሙ። «ለሰዎቹ እሷ ትነግራቸዋለች። ያም ሰውዬ፣ ማነው...»

«ቶሚ።»

«ቶሚ። እሱንም። ግን ደንብ አላቸው አሉ፤ የጀርባውን ፎቶ አሁን ይላክልኝ ብላለች። የእጅ ሥራ መሆኑ በጀርባው ነው የሚታወቀው አለች።»

«ጀርባው ያሳፍራል አክስቴ። ሦስት ቦታ ፈትቼ ነው የሠራሁት፤ ቋጠሮ አለው።»

«ይኑረዋ። ይልቅ ሰዓቱን እይ።»

ብሩኬ ጨርቁን አወጣ። የኩሽናውን መብራት አጥፍቶ፣ እንደተማረው፣ መስኮቱን ከፍቶ ብርሃኑን ፈለገ። እትዬ ኤልፍነሽ ጨርቁን በሁለት ጫፎቹ ይዘው ጀርባውን ወደ እሱ አዞሩለት፤ ፊቱ ወደ እሳቸው ሆነ። ብሩኬ በስልኩ መስታወት ላይ ያያል። ቋጠሮዎቹ አሉ፤ ከቀይ ወደ ሰማያዊ የተሻገረበት ክር ትንሽ ተንጋዷል። እሳቸው ደግሞ ከወዲያ ፊቱን እያዩ ነው። ከመካከሏ ነጥብ ጀምረው መስመሩን በዓይናቸው እየተከተሉ፣ ዞሩ፣ ዞሩ፣ እስከ ጥበቡ ጠርዝ ደረሱ። ይህን ሥራ በዚህ ሁሉ ቀን አንድ ጊዜም እንኳ አላዩትም ነበር።

«ጣቴ ገባ መሰለኝ» አሉ።

«ገብቷል። የቀኝ አውራ ጣትዎ።»

«ሌላ አንሣ እንግዲህ።»

«ሰዓት የለም፤ ይተዉት» አለ ብሩኬ። ፎቶውን ለመላክ አዘጋጀና ቆመ። «ምን ብዬ ልጻፍበት? ሰፋሁት ልበል?»

እትዬ ኤልፍነሽ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሙዞቹ ራቅ አድርገው ዘረጉት። መዳፋቸውን አለፍ አደረጉበት።

«ሰፋሁት አትበል» አሉ። «የሚሰፋው ሱሪ ነው። ጥልፍ ነው ይሄ። ጥልፍ በል፤ በአማርኛው ጻፈው፤ ያን ማሽን እንዳታስነካው።»

ብሩኬ ሦስቱን ፊደል ጻፈ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ላከው። ከዚያ ሁለቱም የሚሠሩት ነገር ጠፍቷቸው ቆሙ። እትዬ ኤልፍነሽ አንድ ሙዝ ገንጥለው ሰጡት፤ ለራሳቸውም ያዙ። ገና ሳይልጡት ስልኩ ተንዘረዘረ። ብሩኬ የፓኩን መልስ ለተርጓሚው ሰጠውና፣ እየፈራ፣ ጮክ ብሎ አነበበው፤ «ቅዳሜ በ9 ሰዓት ና። ስምህን በትክክል እንድጽፈው ፊደሉን ላክልኝ። ጣቱ የማን ነው?»

«የጠዋቱ ዘጠኝ ነው፣ የኛ ሦስት» አሉ እትዬ ኤልፍነሽ። «ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሄደህ እንዳታዋርደኝ።»

«እሺ። ጣቱስ? ምን ልበላት?»

«የኔ ነዋ» አሉ ሙዛቸውን እየላጡ። «ንገራት።»